በአቦይ ሓድጉ ልብ ውስጥ ያለው ጥግ

በሁለት ሺህ አሥራ አንድ ዓመተ ምሕረት፣ ግንቦት አሥራ አምስት ቀን፣ ሐሙስ ከቀትር በኋላ ነው። አቦይ ሓድጉ መቐለ እንዳ ኢየሱስ ጉብታ ላይ፣ ካላለቀ የድንጋይ አጥር ጥላ ሥር ተቀምጠው ምሳቸውን ሊጎርሱ ሲሉ፣ በዚያ ሰዓትና በዚያ ቦታ ሊያገኟት የማይፈልጓት ሰው ስትመጣ አዩ። የመጣችው የጎረቤታቸው የኸድር ልጅ ሩፋይዳ ነበረች።

አቦይ ሓድጉ የስድሳ ስምንት ዓመት ድንጋይ ጠራቢ ናቸው። ሐኪም «መዶሻ እንዳይነኩ» ካላቸው ገና ሁለት ሳምንት አልሞላም፤ መዶሻው ግን እግራቸው ሥር ተጋድሟል። ሩፋይዳ ደግሞ እሳቸው ከታከሙበት ሆስፒታል የላቦራቶሪ ባለሙያ ነች። ስለዚህ ሽማግሌው መዶሻውን በጋቢያቸው ሸፈኑት። የምሳ ዕቃውንም ክዳኑን ገጥመው ከጀርባቸው አስቀመጡት፤ ወሩ ረመዳን ነውና፣ ጾመኛ ፊት መብላት በእሳቸው ዘንድ ትልቅ ነውር ነው። በሁለት እጅ ሁለት ነገር መደበቅ ቀላል እንዳይመስላችሁ።

«ከመይ ውዒልኪ ጓለይ! ልጄ፣ ማን ላከሽ?»

«ማንም አልላከኝም፤ ዩኒቨርሲቲው ሥልጠና ነበረኝ። እንደምን ዋሉ አቦይ ሓድጉ? ምሳዎን ይብሉ እንጂ፣ በእኔ ምክንያት አይራቡ።»

«በልቻለሁ።»

«ጋቢውስ ለምን መሬት ላይ ተነጠፈ?»

«በረደኝ።»

«በዚህ ፀሐይ?»

ሩፋይዳ የጋቢውን ጫፍ ገልጣ አየች። መልሳ ሸፈነችውና አጠገባቸው ካለ ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። አቦይ ሓድጉ ቁጣ ጠብቀው ነበር፤ መልሳ መሸፈኗ ከቁጣው ይልቅ አሳፈራቸው።

እነዚህ ሁለት ሰዎች እንዲህ የሚፈራሩት ስለሚዋደዱ ነው። ኸድር ከወሎ መጥቶ መቐለ ዓዲ ሓቂ ሰፈር የጨርቅ ሱቅ በከፈተበት ዘመን የሁለቱን ግቢ የሚለየውን ግንብ የሠሩት አቦይ ሓድጉ ናቸው። ግንቡ ወገብ ሲደርስ ኸድር መጥቶ «ይኸ ሁሉ ድንጋይ በእኔና በአንተ መካከል ምን ያደርጋል? በር ተውለት» አላቸው። ተዉለት። በሩ ዝቅ ያለ ስለሆነ ጎንበስ ሳይሉ አይገባም፤ ሩፋይዳ ግን በዚያ በር ቀጥ ብላ እየሮጠች አድጋለች። ዐማርኛውም ከዚያ የመጣ ነው፤ አቦይ ሓድጉ በወጣትነታቸው ደሴ ላይ ድንጋይ ሲጠርቡ የለመዱትን ከኸድር ቤት ጋር አላምደው ይዘውት ቀሩ።

«አቦይ ሓድጉ» አለች ሩፋይዳ «ለአዲስ አበባው ሕክምና ስም የሚላከው ነገ ነው።»

«አውቃለሁ።»

«ከውጭ አገር የሚመጡት ሐኪሞች አዲስ አበባ የሚቆዩት አንድ ሳምንት ብቻ ነው። ልብ ውስጥ የሚገባውን መሣሪያም ይዘውት የሚመጡት እነሱ ናቸው። ዶክተሩ መልስዎን እየጠበቀ ነው፤ እርስዎ ግን ዝም አሉት።»

«ዝምታ መልስ አይደለም እንዴ?»

«ለጋብቻ ጥያቄ ሊሆን ይችላል፤ ለሐኪም አይሆንም።»

ሽማግሌው ሳያስቡት ፈገግ አሉ፤ ከዚያ ግን ፊታቸውን አኮሳተሩ። «እንግዲያው ልንገርሽ። ልብ የእግዚአብሔር ማደሪያ ነው። ሰው የሠራው ሽቦ እዚያ ምን ይሠራል? እጄን ቁረጡት ብትሉኝ እሰጣችኋለሁ። ልቤን ግን ተዉልኝ።»

«ቤተ ክርስቲያንስ የእግዚአብሔር ማደሪያ አይደለም?»

«ነው እንጂ።»

«የዚያን ጊዜ ግድግዳው ሲሰነጠቅ ስሚንቶ ይዞ የገባው ማን ነበር?»

 ያን ስንጥቅ የደፈኑት ራሳቸው አቦይ ሓድጉ ናቸው፤ ለሥራው የተሰጣቸውን ምርቃትም እስካሁን በኩራት ያወሩታል። ልጅቱ ይህን ወሬ መቶ ጊዜ ሰምታዋለች፤ የነገሯትም እሳቸው ራሳቸው ናቸው።

«ነገሩን በወጉ አስረጂኝ» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ዶክተሩ ነግሮኛል፤ ግን እየፈራሁ ስለሰማሁት አልገባኝም።»

«ልብዎ እንደ ቀድሞው እኩል አይመታም፤ ይርገበገባል። ሲርገበገብ ደሙን አጥርቶ አይገፋም። በልብ ግራ በኩል፣ ከላይ፣ አንዲት ትንሽ ከረጢት አለች፤ ሁላችንም አለችን። ደሙ እዚያ ገብቶ ሲቆም ይረጋል። የረጋው ደም ተፈንቅሎ ወጥቶ ወደ ጭንቅላት የሄደ ቀን ግን…»

ሩፋይዳ መጨረስ አልቻለችም። መጨረስም አላስፈለጋትም፤ ሁለቱም ያሰቡት ያንኑ ሰው ነበር። ኸድር ከአምስት ዓመት በፊት ሱቁን ከፍቶ ጨርቅ ሲለካ ሜትሩን እንደያዘ ወደቀ። ልቡ ሲርገበገብ መኖሩ የታወቀው ከወደቀ በኋላ ነው። ቀኝ ጎኑ አልታዘዝ አለው፤ ንግግሩ ሁሉ ጠፍቶ አንዲት ቃል ብቻ ቀረችው፦ «ግባ»። ለደንበኛ ሠላሳ ዓመት ያላት ቃል ነች። ሲርበው «ግባ» ይላል፤ ሲያመው «ግባ» ይላል፤ ሰው ተሰናብቶት ሲወጣም «ግባ» ይለዋል። ሐቢባ፣ ሚስቱ፣ በድምፁ ቃና የሚፈልገውን መለየት ተምራለች።

አቦይ ሓድጉ ድንጋይ አንስተው በእጃቸው ያገላብጡ ጀመር። «ውሃ የሚቆምበት ጥግ ነው በይኛ!»

«እንዴት?»

«የውሃ ጉድጓድ ስገነባ ጥግ አልተውም፤ ክብ አድርጌ ነው የምለስነው። የሰነፍ ግንበኛ ጉድጓድ ግን ጥግ አለው። ውሃው ሁሉ ሲንቀሳቀስ እዚያ ያለው ይቆማል፤ ይሻግታል፤ አረንጓዴ ይይዛል። አንድ ቀን ያ ነገር ይላቀቅና ቧንቧው ውስጥ ገብቶ ይዘጋዋል። ቤተሰቡ ያን ጊዜ ‹ውሃው ተበላሸ› ብሎ መድኃኒት ይጨምርበታል። ውሃው ምን አጠፋ? ጥፋቱ የጥጉ ነው።»

«እና እርስዎ ቢጠሩ ምን ያደርጋሉ?»

«ጥጉን እደፍነዋለሁ» አሉና ድንጋዩን ይዘው ቀሩ። ራሳቸው በጠረቡት ድንጋይ ራሳቸው ተደናቀፉ።

ሩፋይዳ አልሳቀችም። በደግነት አየቻቸውና ቀጠለች፦ «መሣሪያው ያንኑ ነው የሚያደርገው። ደረትዎ አይከፈትም። በብሽሽትዎ ባለው የደም ሥር ቀጭን ቱቦ ያስገቡና እስከ ልብ ይደርሳሉ። መሣሪያው እንደ ትንሽ ጃንጥላ ታጥፎ ይሄዳል፤ ከረጢቷ አፍ ላይ ሲደርስ ይዘረጋና ይዘጋታል። ከሳምንታት በኋላ የራስዎ ሥጋ ያለብሰዋል።»

«ስሚንቶው ቢለቅስ?»

«ሊሆን ይችላል። ጥቂት ሰዎች ላይ በደንብ ሳይገጥም ይቀራል፤ ጥቂቶቹ ላይ ደግሞ ሲያስገቡት ልብ ዙሪያ ደም ይፈሳል። ለዚህ ነው ለሁሉም የማይሰጠው። ደም የሚያቀጥነውን ክኒን በደህና መዋጥ የሚችል ሰው ክኒኑን ይውጣል። እርስዎ ግን በቅርቡ ጨጓራዎ ቆስሎ ያን ያህል ደም ፈስሶዎታል። ክኒኑን መልሰን ለዕድሜ ልክ ብንሰጥዎ እንፈራለን፤ ባንሰጥዎም እንፈራለን።»

«መቼም ሐሰት አልነገርሽኝም» አሉ አቦይ ሓድጉ። ይህች ልጅ ክፉውንም ደጉንም አብራ መናገሯ ከምስጋናው ሁሉ ይልቅ ልባቸውን አራራው። የተማረ ሰው ያልተማረውን ሲመክር ብዙ ጊዜ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ጥቅሙን አብዝቶ ጉዳቱን ይሸሽጋል፤ አድማጩም የተሸሸገውን ያሸትታል።

ቢሆንም ሽማግሌው ገና አልተነሡም። መሬቱን እያዩ ለማንም ነግረውት የማያውቁትን ነገር፣ ለሚስታቸው ለኣምለሰትም ያልነገሩትን፣ ለኸድር ልጅ ነገሯት።

«እኔ የምፈራው ሽቦውን አይደለም፤ ቅጣቱን ነው። ያ ደም ዝም ብሎ አልመጣም። ዓቢይ ጾም መጣ፤ ዶክተሩ ክኒኑን በጧት ዋጥ አለኝ። ሌላው ሰው እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሲጾም፣ እኔ ጎህ ሲቀድ በውሃ እውጥ ነበር። ሃምሳ አምስት ቀን ሙሉ ጾሜን ገደፍኩ። እግዚአብሔርም ዝም አላለኝም፤ በጾሙ መካከል ክኒኑን ጨመሩብኝ። ደግመው ጨመሩብኝ። ፋሲካ አልፎ ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ያ ደም መጣ። ይህ ቁጣ ካልሆነ ምንድን ነው? የተቆጣኝን አምላክ በሽቦ ላመልጠው?»

 አቦይ ሓድጉ ቀና ብለው ሲያዩአት የልጅቱ ፊት ተለውጧል።

«በጾሙ ጊዜ» አለች ቀስ ብላ «ምን ነበር የሚበሉት?»

«ምን እበላለሁ? ሓምሊ ነዋ! ኣምለሰት ከጓሮ እየቆረጠች፣ ጧት ማታ ሓምሊ።»

ሓምሊ የሚሉት ጎመኑን ነው።

«በየቀኑ?»

«በየቀኑ። አንቺስ ታውቂ የለም? ሽታው በግንቡ በር እናንተ ቤት ይገባል።»

«ከፋሲካ በኋላስ?»

«ከፋሲካ በኋላማ ማን ያየዋል! ሥጋው፣ እንቁላሉ፣ እርጎው…»

ሩፋይዳ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች። አቦይ ሓድጉ ደነገጡ፤ ጾሙ ያዞራት መሰላቸው። ውሃ ሊሰጧት ኮዳውን አነሡና ረመዳን መሆኑ ትዝ ሲላቸው መልሰው አስቀመጡት።

«አቦይ ሓድጉ፣ ወላሂ ቁጣ አይደለም» አለች እጇን ከፊቷ አንሥታ፤ ዐይኗ ቀልቷል። «ጎመን የዚያን ክኒን ጉልበት ይሰብራል። በጾሙ ሁሉ ጎመን ሲበሉ ክኒኑ ደምዎን ማቅጠን አቃተው። ደምዎን የመረመርኩት እኔ ነኝ። ቁጥሩን ጽፌ ‹አልቀጠነም› ብዬ ሰጠሁ፤ ሐኪሙም አይቶ ክኒኑን ጨመረ። በወሩም እንደዚያው። ፋሲካ ሲሆን ጎመኑ ቀረ፤ የተጨመረው ክኒን ግን አልተቀነሰም። ያኔ ደምዎ እንደ ውሃ ቀጠነ። ሐኪሙ ዓዲ ሓቂ ያላደገ ሰው ነው፤ ጓሮዎን አያውቅም። እኔ ግን አውቃለሁ! ሽታው ቤቴ እየገባ፣ ቁጥሩን በእጄ እየጻፍኩ፣ አንድ ቀን እንኳ ‹ምን በሉ?› ብዬ አልጠየቅሁዎትም። ያጠፋሁት እኔ ነኝ። እግዚአብሔርን አይክሰሱብኝ።»

 አቦይ ሓድጉ ሁለት ሳምንት ሙሉ ደረታቸው ላይ ተጭኖ የኖረው ድንጋይ ሲነሣ ተሰማቸው። መጀመሪያ የመጣባቸው ንዴት አልነበረም፤ እፎይታ ነበር። አምላካቸው አልተቆጣቸውም፤ ጎመን ነው! ቀጥሎ የልጅቱ እንባ ታያቸው።

«ጓለይ፣ አይዞሽ። እኔስ መቼ ነገርኩሽ? አንቺ አልጠየቅሽም፤ እኔም አልተናገርኩም። ኣነስ፣ እኔማ ‹ጾሜን እየገደፍኩ ነው› ብዬ አፍሬ ምግብ የሚባል ነገር ለሐኪም አላነሣሁም።»

«የንስሐ አባትዎንስ ጠይቀዋቸዋል?»

«ምን ብዬ?»

«‹ክኒን በውሃ ብውጥ ጾም ይፈርሳል ወይ?› ብለው ነዋ።»

አቦይ ሓድጉ ይህን አላሰቡትም ነበር። አልጠየቁም። ሃምሳ አምስት ቀን ራሳቸው ከሳሽ፣ ራሳቸው ዳኛ ሆነው ፈርደዋል እንጂ ማንንም አልጠየቁም።

«አዩ አይደል» አለች ሩፋይዳ እንባዋን በሻርፗ ጫፍ እየጠረገች፤ ከእሳቸውና ከራሷ ጋር የምታወራ ይመስል ነበር። «ይህ መሣሪያ እንደ እርስዎ ላለ ሰው የሚጠቅመው ለዚህ ነው። ክኒኑ ከገበታዎ ጋር ይጣላል፤ እርስዎ ደግሞ የዓመቱን ግማሽ ይጾማሉ። ጥጉ ከተደፈነ ግን ጥቂት ወራት ሌላ መድኃኒት ወስደው፣ ሐኪሙ አይቶ ሲፈቅድ ያን ክኒን ይገላገሉታል። ከዚያ በኋላ ሓምሊዎን ጠግበው ይብሉ፤ ማንም ቁጥር አይቆጥርብዎትም።»

አቦይ ሓድጉ ጋቢውን አነሡና መዶሻውን አውጥተው ሰጧት። «ያዢልኝ። እየተደበቅሁ መሥራት ደከመኝ።»

ሲወርዱ በመንገዳቸው አባ ገብረተንሳኤ ቤት ጎራ አሉ፤ ሩፋይዳ ውጭ ጠበቀቻቸው። የንስሐ አባታቸው ነገሩን እስከ መጨረሻው ሰሙና ከራስጌያቸው የክኒን ብልቃጥ አውጥተው አሳዩአቸው። «እኔ የስኳር ሕመምተኛ ነኝ ሓድጉ። ይህን በየጧቱ እውጣለሁ። ለሕመምተኛ መድኃኒት ተከልክሎ አያውቅም። መጠየቅ ምን አስቸገረህ ልጄ?»  አቦይ ሓድጉን በስድሳ ስምንት ዓመታቸው «ልጄ» ተብለው መገሠጻቸው ደስ አሰኛቸው።

ሐሙስ ስለነበር ፀሐይ ሳትጠልቅ ወደ ኸድር መሄድ ነበረባቸው። ኸድር ከወደቀ ጀምሮ፣ ለጁምዓው ጽዱ ሆኖ እንዲያድር፣ ሪዙን የሚከረክሙለትና ጥፍሩን የሚቆርጡለት እሳቸው ናቸው። በግንቡ በር ጎንበስ ብለው ሲገቡ ሐቢባ የማፍጠሪያውን ሾርባ ታማስላለች። ኸድር ደጃፍ ላይ በወንበሩ ተቀምጧል።

መቀሱን አንሥተው ጀመሩ። ከአፉ ጥግ የወረደውን ምራቅ በፎጣ ጠረጉለት። ይህን አምስት ዓመት ሲያደርጉት ኖረዋል፤ በዚያ ምሽት ግን የኣምለሰት እጅ ይህንኑ ፎጣ ይዞ የእሳቸውን አፍ ሲጠርግ ታያቸው።

«ኸድር ሓወይ፣ ወንድሜ» አሉት መቀሱን አስቀምጠው «አዲስ አበባ ሂድ ይሉኛል። ልቤ ውስጥ ያለውን ጥግ ሊደፍኑት። ፈርቻለሁ። ሄጄ ብቀር ማን ይከረክምሃል? ብዬ ነበር። ዛሬ ደግሞ፣ ባልሄድ፣ እኔም እንዳንተ ብሆን፣ ሁለታችንን ማን ይከረክመናል? እላለሁ። አንተ ብትሆን ትሄድ ነበር? ቀድሞ የነገረህ ሰው ቢኖር?»

 ጤነኛ የሆነው የኸድር ግራ እጅ ቀስ ብሎ ተነሣና የእጃቸውን አንጓ ያዘ። ያዘው እንጂ አልለቀቀውም፤ የአቦይ ሓድጉ የልብ ትርታ ከጣቶቹ ሥር ያለ ሥርዓት ይዘላል። «ግባ» አለ። «ግባ፣ ግባ።» ዐይኑ እንባ ሞላ፤ አቦይ ሓድጉም አለቀሱ። ሐቢባ ማማሰያውን እንደያዘች ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች።

አዛን ሲባል ሩፋይዳ በተምር አፈጠረች። አቦይ ሓድጉ ተምሩን እስክትውጥ ታግሠው «ስሜን ላኪው» አሏት።

ከዚያ ወዲያ የሆነውን ላሳጥረው። ሰኔ ላይ ከኣምለሰት ጋር ሄዱ፤ ሥራው ሁለት ሰዓት ሳይሞላ አለቀ። ነሐሴ ላይ በምርመራ ሲታይ ከረጢቷ ተዘግታ ተገኘች። ወቅቱ ጾመ ፍልሰታ ነበርና አሥራ ስድስቱንም ቀን ሓምሊያቸውን ያለ ስጋት በሉ። ልባቸው ዛሬም ይርገበገባል፤ መሣሪያው እሱን አያድንም፤ ስትሮክም ጨርሶ አይመጣም ብሎ የሚምል ሐኪም የለም። ነገር ግን አደጋው በብዙ ቀንሷል፤ ደም የሚያፈሰውም ክኒን ቀርቷል። በጥቅምት ቀላል ሥራ ሲፈቀድላቸው መዶሻቸውን ከሩፋይዳ ተቀበሉ።

ሩፋይዳም የራሷን ትምህርት አልረሳችም። ደሙን ለማቅጠን ክኒን የሚወስድ ሰው ሁሉ ወደ ላቦራቶሪው ሲመጣ፣ መርፌውን ከማንሣቷ በፊት «ጾም ላይ ነዎት? ሰሞኑን ምን ይበላሉ?» ብላ ትጠይቃለች፤ መልሱንም ከቁጥሩ አጠገብ ትጽፋለች። በቀጣዩ ዓቢይ ጾም የሥራ ባልደረቦቿም ይህንኑ ያዙ። ሕክምና ከሰው ገበታና ከሰው እምነት ጋር ሲነጋገር ይሠራል፤ ሲኮራረፉ ግን የሚጎዳው በመካከል ያለው ሕመምተኛ ነው። ሕመምተኛውም ለሐኪሙና ለንስሐ አባቱ እኩል አፉን ይክፈት፤ ያልተጠየቀ ነገር መልስ አያገኝምና።

የምጨርሰው ግን ከአሉላ አባ ነጋ አውሮፕላን ማረፊያ በተመለሱበት ቀን ነው። ያም ሐሙስ ነበር። ኣምለሰት «መጀመሪያ ዕረፍ እንጂ» ስትል አልሰሟትም፤ መቀሱን ኪሳቸው ከትተው ወደ ግንቡ በር ሄዱ። ብሽሽታቸው ገና ስላልጠገገ ጎንበስ ማለት አስቸገራቸው፤ በሩ ላይ አንድ እጃቸውን ደግፈው ቆሙ። ኸድር ከወንበሩ አያቸው። ፊቱ በሙሉ፣ ያ የማይታዘዘው ጎኑ ሳይቀር፣ የበራ መሰላቸው።

«ግባ» አለ።

ቃሉ በአምስት ዓመቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ቦታውን አገኘ። አቦይ ሓድጉም ቀስ ብለው፣ ጎንበስ ብለው ገቡ።